ሱሉልታ መንገድ ላይ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የምትገዙ፣ ተጠንቀቁ!

ንዴቴ ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

ከአዲሱ ገበያ ወጥታችሁ ወደ ሱሉልታ ስትሄዱ መንገድ ዳር ያሉትን የዘይትና የመለዋወጫ ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ፒንክ ጀሪካን በር ላይ ተደርድሮ፣ ገና ሳትቆሙ ልጁ «ኮፈኑን ክፈቱ» እያለ ሲሮጥ፣ ባለቤቱ ከውስጥ «ኦሪጅናል ነው፣ የዱባይ» ሲል። ከነሱ ከአንዱ ነው የገዛሁት።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ፒንኩን ኩላንት ነው የምትጠቀመው። ዋጋው ከሌላው ሱቅ አይረክስም፤ የጠየቀኝን ከፈልኩ። ደረሰኝ ስለው «ማሽኑ ተበላሽቷል» አለኝ። ልጁ አሮጌውን ደፍቶ አዲሱን ሞላ፣ የተረፈውን ከነጀሪካኑ ይዤ ሄድኩ።

ከከተማ ስመለስ ዳገቱን ሳልጨርስ የሙቀቱ ቀይ መብራት በራ። አቆምኩ። ከኮፈኑ ስር እንፋሎቱ ይትጎለጎላል። ጓርኒሲዮኑ (የሞተሩ ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጎብጧል፣ ለመስተካከል ቶርኖ ቤት መግባት አለበት ተባልኩ። መካኒኩ ከጀሪካኑ ትንሽ አፍስሶ በጣቶቹ መሀል አሸት አሸት አደረገውና «ኩላንት እኮ ያሟልጫል። ይሄ ቀለም የገባበት ውሃ ነው» አለኝ።

እርግጠኛ ልሁን ብዬ ማታ በማይፈለግ ሃይላንድ ግማሽ ድረስ ቀድቼ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት። ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ጠበቀኝ። የቤት ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግማሽ በግማሽ በትክክል የተበጠበጠ ኩላንት ግን ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ላይ እንኳን አይረጋም።

በረዶውን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት። ሰውየው አየው፣ ስልኩን ከጆሮው አላወረደም። ሲጨርስ ለእኔ አልመለሰልኝም። አጠገቤ ወደቆመው የሲኖ ሹፌር ዞሮ «እስቲ አንተ ፍረድ፣ ሱሉልታ በረዶ ይጥላል እንዴ?» አለው። ሹፌሩ ሳቀ። በገዛ እጁ የሞላልኝ ልጅም ሳቀ። ከዚያ ባለሱቁ ወደ እኔ ዞሮ «እህቴ፣ የሸጥኩልሽ ለሞተር እንጂ ለፍሪጅ አይደለም። ባልሽን ላኪው፣ እሱ ይገባዋል» አለኝ። ብሬን መልስልኝ ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ደረሰኝሽን አምጪ።» ልጁ ሃይላንዱን አንስቶ ውጭ አስቀመጠው። ባንኮኒው የተፈለገው ለሌላ ደንበኛ ነው። ያው ፒንክ ጀሪካን ዓይኔ እያየ ወረደለት። «እንዳትገዛ!» ብዬ ጮህኩ። ደንበኛው ዝም ብሎ ከፈለ።

አዎ፣ ሱሉልታ ሞተር የሚያረጋ ብርድ የለም። ኩላንት የምንገዛው ግን እንዳይፈላብንም ነው። ውሃ ባህር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሞተር በደህና ቀን እንኳ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚሠራው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ያግዛል እንጂ ላስቲኩ ከደረቀ ውሃው ወዲያው ይፈላል። የእኔም ክዳን ላስቲኩ ደርቆ ተገኘ። ግን ትክክለኛው ኩላንት እያለባት ያንን ዳገት ስትወጣ ሞቃብኝ አታውቅም። ደግሞ ውሃው ብቻውን አሉሚኒየሙን ይበላል፣ ብረቱን ያዝጋል። ትክክለኛው ኩላንት ውስጥ ያለው ፀረ ዝገት ነው ይሄን የሚከላከለው። ባለሱቁ ይሄን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ሥራው ነው።

ቀለም አትመኑ፣ ፒንክ ማንም ይቀባል። ደረሰኝ የማይሰጥ ሱቅ እለፉ። የተበጠበጠ ኩላንት ገዝታችሁ ከሆነ ሳትሞሉ ትንሽ ቀድታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። የቀዳችሁበትን ጠርሙስ ግን ከልጆች አርቁ፤ እውነተኛው ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነው። ሰሞኑን እዚያ መንገድ ላይ የሞላችሁ ካላችሁ ደግሞ ዳገት ሳትወጡ ዛሬውኑ መካኒክ ጋ ሄዳችሁ አሳዩት።