የድሮ ጌም «ፋይል የለም» ካላችሁ ላፕቶፓችሁን ፎርማት እንዳታስደርጉ

ወገኖች፣ ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። አነጋገሬ ከሻከረ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጉዳዩ የድሮ ጌም ጭነን ልንከፍት ስንል «ይህ ፋይል አልተገኘም» ብሎ የሚወጣው መልእክት ነው። ያንን መልእክት ይዤ ኮምፒውተር ቤት ሄድኩ። የቤተሰቤን ፎቶና የአባቴን ድምፅ አጥቼ ተመለስኩ።

ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። መገናኛ በሉት፣ ሜክሲኮ በሉት፣ ያው ናቸው። በመስታወት የተከፋፈለች ጠባብ ክፍል፣ ባንኮኒው ላይ የተከመረ ቻርጀርና ማውስ፣ ከኋላ ሆዳቸው ተከፍቶ የተደረደሩ ላፕቶፖች። አሠራሩንም ታውቁታላችሁ። ላፕቶፑን ይቀበላሉ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ይነካካሉ፣ ከዚያ «ሲስተሙ ተበላሽቷል» ይላሉ። ቀጥሎ ፎርማት ይመጣል። ከፎርማት በኋላ «ራም ያንሰዋል» ይመጣል። ያልደረሰበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ጌም ጫንልኝ አለኝ። ላፕቶፑ አሮጌ ስለሆነ አዳዲሶቹን ጌሞች አይችልም። ከሥራ ባልደረባዬ በፍላሽ አንድ የድሮ የመኪና ውድድር ጌም አመጣሁ። ተጭኖ አለቀ። ስንከፍተው ግን «ዲ3ዲኤክስ9_43.ዲኤልኤል ስላልተገኘ መቀጠል አይቻልም» የሚል ሳጥን ወጣ። ዲኤልኤል ማለት ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠሩት አጋዥ ፋይል ነው። እሺ ብለን ብንጫነው ሳጥኑ ይጠፋል፣ ጌሙም አይከፈትም። በቃ ይኸው ነው ችግሩ። ላፕቶፑ ሌላ ምንም አልሆነም። ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ወርዱ ይሠራል፣ ቪዲዮው ይሠራል።

ሱቁ ውስጥ አንድ ወጣት ተቀበለኝ። መልእክቱን አየና «500 ብር፣ ኦሪጅናሉን ሲስተም ፋይል አለን» አለኝ። እሺ አልኩ። ኦሪጅናል ያለው ፋይል ከየት እንደመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ጉግል ላይ የፋይሉን ስም ጻፈ። በማስታወቂያ ከተሞላ ድረ ገጽ ላይ አወረደው። ሲስተም32 የሚባለው ፎልደር ውስጥ ለጠፈው። ጌሙን ከፈተ፣ ያው ሳጥን ወጣ። ፋይሉን አነሳና ጌሙ ራሱ ያለበት ፎልደር ውስጥ ለጠፈው። አሁን ደግሞ 0ኤክስሲ000007ቢ የሚል ሌላ ስህተት መጣ።

ያኔ አልገባኝም ነበር፣ አሁን ገብቶኛል። ፕሮግራሞች 32 ቢት እና 64 ቢት የሚባሉ ሁለት ዓይነት ናቸው፣ የአንዱ ዲኤልኤል ለሌላው አይሆንም። 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ሲስተም32 የሚባለው ፎልደር የ64 ቢት ፋይሎች ማስቀመጫ ነው። የ32 ቢቶቹ ቦታ ሲስዋው64 የሚባለው ነው። ስማቸው የተገላቢጦሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የድሮ ጌሞች ደግሞ አብዛኞቹ 32 ቢት ናቸው። ስለዚህ ልጁ የለጠፈውን ፋይል ጌሙ መጀመሪያ አላየውም። ሁለተኛ ሲያየው ደግሞ የማይስማማው ዓይነት ሆነበት። ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከሥራው እንጀራ የሚበላ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

እሱ ግን ወደኔ ዞሮ «ዊንዶውሱ ሞቷል። ፎርማት ካልሆነ አይሆንም። 700 ብር» አለኝ።

እዚህ ጋ ነው ያስጠነቀቅኩት። «ዲ ድራይቭ ላይ የቤተሰብ ፎቶ አለ፣ ምንም እንዳይነካ» አልኩት። «ሲ ብቻ ነው የምንነካው፣ ዲ የትም አይሄድም» አለኝ። ደግሜ ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ሥራችን ነው» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ባንኮኒው ጋ ቆሜ አያለሁ። በፍላሽ አስነሳው። ዊንዶውስ የት ይጫን የሚለው ሰማያዊ ገጽ መጣ። ሃርድ ዲስኩ የተከፋፈለባቸው መስመሮች ተደርድረዋል። ከታች ትልቁ መስመር የእኔ ዲ ነው፣ በመጠኑ ለየሁት። ልጁ በአንድ እጁ ስልክ ያወራል፣ በሌላው ማውስ ይዟል። ከሚያወራው ሰው ጋር ስለ ምሳ ነው የሚነጋገሩት። የመጀመሪያውን መስመር መረጠና «ዲሊት» አለው። ማስጠንቀቂያ ወጣ፣ እሺ አለው። ሁለተኛውን መረጠ፣ ዲሊት፣ እሺ። «ቆይ፣ ቆይ!» አልኩ። እጁን ወደኔ ዘርግቶ «አንዴ» የሚል ምልክት አሳየኝና ሦስተኛውንም አጠፋው። ማሽኑ እንኳን «ይህ ክፍል ውስጥ አስፈላጊ ፋይል ሊኖር ይችላል፣ ካጠፋኸው በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል» ብሎ ጠይቆታል። ሳያነበው እሺ አለው። ሁሉም መስመሮች ጠፍተው አንድ ብቻ ቀረ፣ «ያልተመደበ ቦታ» የሚል።

ስልኩን ዘግቶ «ምን አልክ?» አለኝ።

ዲ ጠፋ እኮ አልኩት። ድምፄ ተንቀጥቅጦ ነበር። «ቫይረስ ስለነበረው ነው፣ ንጹሕ መሆን አለበት» አለ። ቫይረስ የሚል ቃል እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከአፉ አልወጣም። ባለቤቱ ከውስጥ ብቅ አለና ምንድነው አለ። ልጁ «ሰውዬው ለጌም ብሎ ነው እንዲህ የሚሆነው» ብሎ መለሰለት። ባለቤቱ ሳቀ። ከዚያ እኔን እያየ «ፎቶ ከሆነ ቴሌግራም ላይ አይጠፋም፣ እዛ ፈልገው» አለኝ።

ምን ነበር የጠፋው? ልጄ ከተወለደ ጀምሮ ያነሳናቸው ፎቶዎች። የእህቴ የሠርግ ቪዲዮ። ከሁሉም በላይ አባቴ በሕይወት ሳለ ስለ ትውልድ መንደሩ፣ ስለ አያቶቹ፣ በልጅነቱ ስለወረደበት ወንዝ ሲያወራ የቀዳሁት ድምፅ። አባቴ የለም። ያንን ድምፅ ቴሌግራም ላይ ፈልገው ይለኛል!

ቀጥሎ ያደረጉት ደግሞ ከማጥፋቱ ይብሳል። ዊንዶውሱን ከጫኑ በኋላ «ለካሳ» ብለው ፊልም ሞሉበት። ተከታታይ ፊልም፣ የሕንድ ፊልም፣ ጌሞች፣ ሃርድ ዲስኩ ግማሽ እስኪሆን ገለበጡ። እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ራሴን ይዤ ነበር፣ ምን እያደረጉ እንደሆነ የነገረኝ የለም። ኋላ የእህቴ ልጅ ሲያስረዳኝ ነው አንጀቴ እርር ያለው። እንደኔ ዓይነት በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ክፍሉ ሲጠፋ ፋይሉ ራሱ ወዲያው አይጠፋም። አድራሻው ነው የሚጠፋው። ምንም ሳይጻፍበት ወዲያው ነቅለው ለሚያወጣ ሰው ቢሰጡት አብዛኛው ይመለስ ነበር። አዲስ ነገር በተጻፈበት ቦታ ላይ ግን የድሮው ለዘላለም ይሄዳል። በካሳ ስም የቀበሩት ያንኑ የተረፈውን ነው።

የእህቴ ልጅ በሶፍትዌር የሚወጣውን አወጣ። የተወሰኑ ፎቶዎች ተመለሱ። ከተመለሱትም ብዙዎቹ ከላይ የልጄ ግንባርና ዓይን ይታያል፣ ከዚያ በታች ግራጫ ነው። የአባቴ ድምፅ አልተገኘም።

1,200 ብር ከፍዬ ነው የወጣሁት። ደረሰኝ ስጠይቅ «ማሽኑ አይሠራም» አሉኝ። ቤት ገብቼ ልጄ ጌሙን ጫነው። ያው ሳጥን! ያው ፋይል፣ ያው 43 ቁጥር! ፎርማት ካልሆነ አይሆንም የተባለው ነገር ከፎርማት በኋላም እዚያው ነው።

ሊሆንም አይችልም ነበር። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ከወሰዳችሁ ይህን ውሰዱ። ያ ፋይል ከላፕቶፓችሁ አልጠፋም፣ ድሮም አልነበረም። ዳይሬክትኤክስ ማለት ጌሞች ሥዕልና ድምፅ የሚያወጡበት የማይክሮሶፍት ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 ከራሱ አዲስ ዳይሬክትኤክስ ጋር ይመጣል። ዲ3ዲኤክስ9 በሚል ስም የሚጀምሩት ግን ለዳይሬክትኤክስ 9 ጌሞች የተሠሩ ተጨማሪ ፋይሎች ናቸው። ከዊንዶውሱ ጋር አይመጡም። ከ24 እስከ 43 ቁጥር ያላቸው አሉ፣ እያንዳንዱ ጌም የተሠራበትን ቁጥር ይጠይቃል። ስለዚህ መቶ ጊዜ ፎርማት ብታደርጉ መቶ ጊዜ አይኖርም። ዊንዶውሱ ደህና ነው። ጤነኛ ዊንዶውስ ነው «ሞቷል» ተብሎ የታረደው።

መድኃኒቱ የት ነበር መሰላችሁ? ፍላሼ ላይ! የእህቴ ልጅ የጌሙን ፎልደር ከፈተ። ውስጡ ዳይሬክትኤክስ የሚባል ሌላ ፎልደር አለ። እዚያ ውስጥ ዲኤክስሴታፕ የሚል ፋይል አለ። ተጫነው፣ ተስማምቻለሁ አለ፣ ቀጥል፣ ጨርስ። ጌሙ ተከፈተ። ሻይ ተቀድቶ ሳይቀዘቅዝ ነው ያለቀው። ሱቅ ውስጥ ያ ፍላሽ ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ ነበር። ማንም አልከፈተውም።

ላፕቶፑን ይዤ ተመለስኩ። ገንዘቡ አልነበረም የፈለግኩት፣ ይቅርታ እንዲሉኝ ነበር። ልጁ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ጌሙ ነበራ ችግሩ፣ ዊንዶውሱማ ቆንጆ ሆኖልሃል» አለኝ። ባለቤቱ ደግሞ «ራም ብትጨምር ደግሞ ይፈጥንልሃል፣ 1,500 ላድርግልህ» አለ። ቆሜ አየሁት። የአባቴን ድምፅ ነው ያጠፋችሁት አልኩት። «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ትላንት የሞተበት ሰው እንደሚሸኝ ዓይነት።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትሕትናና በአክብሮት እንዲስተናገድ፣ ከነጋዴው ስድብም እንዲጠበቅ መብት ይሰጣል። ስለሚገዛው አገልግሎትም ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። እኔ አንዱንም አላገኘሁም። ደረሰኝ ስለሌለኝ አቤቱታው ቀላል እንደማይሆን አውቃለሁ፣ ግን አቀርባለሁ። በቴሌብር የከፈልኩበት መልእክት ስልኬ ላይ አለ።

ለእናንተ ግን ባጭሩ። ጌሙ ፎልደር ውስጥ ዳይሬክትኤክስ ወይም ሬዲስት የሚል ፎልደር ፈልጉና መጀመሪያ እሱን ጫኑ። ከሌለ ከራሱ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ የ2010 እ.ኤ.አ. ሰኔ ወር የዳይሬክትኤክስ መጫኛን አውርዱ። ነፃ ነው። አዲሱን ዳይሬክትኤክስ አይነካም፣ የጎደሉትን የድሮ ፋይሎች ብቻ ነው የሚጨምረው። ጎደለ የተባለው ኤምኤስቪሲፒ100 ወይም ኤምኤስቪሲአር100 ከሆነ ከማይክሮሶፍት የሚወርደው የቪዥዋል ሲ++ 2010 አጋዥ ፋይሎች መጫኛ ነው የሚያስፈልጋችሁ፣ እሱም ነፃ ነው። ዊንዶውሳችሁ 64 ቢት ቢሆንም ለድሮ ጌም የ32 ቢቱን፣ ኤክስ86 የሚለውን ጫኑ። ነጠላ ዲኤልኤል ከሚያድሉ ድረ ገጾች ምንም አታውርዱ፣ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም።

ላፕቶፕ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶና ድምፃችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ሰው ከነካካውና ፋይል ከጠፋ ደግሞ ወዲያው ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ይዛችሁት ውጡ፣ ምንም አታስገልብጡበት።

የሱቁን ስም እዚህ አልጽፍም። መገናኛ አካባቢ ላፕቶፕ ሊያሠራ ያሰበ ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ ፎቁንና የሱቁን ቁጥር እነግረዋለሁ።