ተገጥሞ የተሸጠ ወይስ በእጃችሁ የገጠማችሁት? የውድድር ድሮን ከመግዛታችሁ በፊት

"ተገጥሞ የሚሸጠውን ልግዛ ወይስ ዕቃውን ለየብቻ ገዝቼ ልግጠም?" የውድድር ድሮን ሊጀምር ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። መልሴን ሳላድበሰብስ ላስቀድም፦ ለባለ 5 ኢንች ፕሮፔለር ድሮን መግጠሙ ይሻላል። ምክንያቱም ፍጥነት አይደለም፤ የጥገና ወጪ ነው።

ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ዋጋ የመጀመሪያው ቀን ዋጋ ብቻ ነው። የውድድር ድሮን ሥራው መጋጨት ነው። ሂሳቡ መሠራት ያለበት ከአሥረኛው ግጭት በኋላ በወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ነው።

ሙሉ ኪቱ፣ ማለትም ድሮን፣ ሪሞት፣ ከድሮኑ ካሜራ የሚመጣውን ምስል የሚያሳይ መነጽርና ቻርጀር ባንድ ሳጥን የሚመጣው፣ ከተናጠሉ ድምር ይረክሳል። ይህ እውነት ነው። ግን በምን እንደረከሰ ተመልከቱ። ብዙዎቹ ኪቶች የበረራ መቆጣጠሪያውን፣ አራቱን የሞተር መቆጣጠሪያዎችና የሪሞት መቀበያውን፣ አንዳንዴም ቪዲዮ አስተላላፊውን ሳይቀር አንድ ቦርድ ላይ ያሰፍራሉ። ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የምትከፍትና የምትዘጋ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል አንዲት ሞስፌት ስትቃጠል የሚቀየረው ቦርዱ በሙሉ ነው፤ እሱ ደግሞ የድሮኑን ዋጋ ሲሶ ሊበላ ይችላል። በእጅ የተገጠመው ላይ የሞተር መቆጣጠሪያውና የበረራ መቆጣጠሪያው ተደራርበው የተቀመጡ ሁለት ቦርዶች ናቸው። የታችኛው ቢቃጠል አብዛኛውን ጊዜ እሱን ብቻ ትቀይራላችሁ፤ የላይኛው ይተርፋል። የፍሬም ክንድ ቢሰበር ብሎኖቹን ፈትቶ ያንኑ ክንድ መተካት ይቻላል፤ ዋጋውም ከጥቂት ጥንድ ፕሮፔለር አይበልጥም። የብዙ ኪቶች ፍሬም ግን ወጥ ስለሆነ አንድ ክንድ ሲሰበር ሁሉም ይጣላል።

ሪሞትና መነጽርም እንዲሁ ነው። እነዚህ ለዓመታት የሚያገለግሉ ዕቃዎች ናቸው፤ ድሮን ሲቀያየር አብረው ይቀጥላሉ። ኪቱ ውስጥ ያለው ሪሞት ከዚያው ድሮን ጋር ብቻ የሚነጋገር ከሆነ ግን ቀጣዩን ድሮን ስትገዙ ሁለተኛ ሪሞት ትከፍላላችሁ። ኤክስፕረስኤልአርኤስ በሚባለው፣ ብዙ አምራቾች በሚጠቀሙበት የሬዲዮ ቋንቋ የሚሠራ መሆኑን ጠይቁ፤ ካልሆነ ርካሹ ዋጋ ርካሽ አይደለም።

መሃል ላይ ሦስተኛ መንገድ አለ፦ ድሮኑ ብቻ ተገጥሞ፣ ያለ ሪሞትና ያለ መነጽር የሚሸጠው። ሶልደር ማድረግ ለሚያስፈራው ይህን አልቃወምም፤ ግን ሦስት ነገር ለኩ። የቦርዱ ብሎን ቀዳዳዎች ርቀት 30.5 በ30.5 ወይም 20 በ20 ሚሊ ሜትር ይሁን። የሞተሩ ማሰሪያ 16 በ16 ይሁን። ክንዶቹ ለየብቻ የሚፈቱ ይሁኑ። እነዚህ ከተሟሉ የሌላ አምራች ቦርድና ሞተርም ይገጥማል፤ ክንዱም ለብቻው ይቀየራል። ካልተሟሉ መለዋወጫ ባለቀ ቀን ድሮኑም ያልቃል።

በቤት ውስጥ የሚበረው መዳፍ የሚያክል ባለ 1 ሴል ባትሪ ድሮን ላይ ብቻ ሐሳቤ ይገለበጣል። እሱን ተገጥሞ ግዙት፤ በዚያ መጠን መግጠም ትርፉ ድካም ነው።

ልትገጥሙ ከወሰናችሁ፣ አራት ወይስ ስድስት ሴል የሚለው ብዙ አያከራክርም። 6ኤስ (ስድስት ሴል) ለሆነ ባትሪ 2207 መጠን (የውስጡ ጥቅል 22 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 7 ሚሊ ሜትር ቁመት) ያለው ከ1700 እስከ 1950 ኬቪ (በአንድ ቮልት በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ሞተር፣ ለ4ኤስ ደግሞ ከ2400 በላይ ኬቪ። ለተመሳሳይ ኃይል 6ኤስ ያነሰ አምፔር ስለሚስብ ሽቦውም ባትሪውም ብዙ አይግልም። የ4ኤስ ሞተር ላይ 6ኤስ ባትሪ መሰካት ግን ሞተሩንም መቆጣጠሪያውንም ማቃጠል ነው።

አሁን ወደ ፎርጅዱ እንምጣ፤ ገንዘብ በብዛት የሚፈሰው እዚህ ነው። ባትሪ ላይ 150ሲ (ከአቅሙ 150 እጥፍ አምፔር ይሰጣል ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ካያችሁ አባዙት፦ 1300 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ ማለትም 1.3 አምፔር ሰዓት፣ በ150 ሲባዛ 195 አምፔር ይሆናል። የተሰካበት ኤክስቲ60 ግን ስሙ እንደሚለው የ60 አምፔር ሶኬት ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ትታችሁ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ትክክለኛ 6ኤስ 1300 ባትሪ ከ200 ግራም በላይ ይመዝናል፤ በጣም ከቀለለ ውስጡ ያለው ሴል ከተጻፈው ያነሰ ነው። የኤክስቲ60 ኮፒም በሶልደር ጊዜ ይታወቃል፦ ብረቱ ሲግል ፕላስቲኩ ይለሰልስና ፒኑ ያዘነብላል፤ ያ ሶኬት በበረራ መሃል ይላቀቃል። ስትሶልዱ ተጓዳኙን ሶኬት (ወንዱ ላይ ሴቱን፣ ሴቱ ላይ ወንዱን) ሰክታችሁበት ብትሠሩ ፒኑ ቀጥ ብሎ ይቆያል።

በእጅ ሲገጠም የሚበላሸው በአብዛኛው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የሞተር ብሎን ነው። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ክንድ 8 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ብሎን ይበቃል። 10 ሚሊ ሜትር ካስገባችሁ ጫፉ የሞተሩን የመዳብ ጥቅል ይነካና ሽፋኑን ይፍቃል። ጠረጴዛ ላይ ሞተሩ ያለ ችግር ይሽከረከራል፤ ሜዳ ላይ ሲግል ግን ኮንታክት ፈጥሮ መቆጣጠሪያውን ይዞት ይሄዳል። ብሎኑን ካጠበቃችሁ በኋላ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ብሎኑ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ሽቦ ላይ አድርጉ፤ ድምፅ ካሰማ ወዲያው ፍቱት።

ሁለተኛው የባትሪው ሽቦ ነው። ይህ ሰፊ መዳብ ላይ የሚያርፍ ስለሆነ ሙቀቱን ይጠጣዋል። ወፍራም ጫፍ ያለው ሶልደር ብረት፣ ወደ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳውም ፍላክስ በብዛት። ሊዱ አብረቅርቆ እንደ ውሃ ከተሰራጨ ይዟል፤ ግራጫና ጎርባጣ ሆኖ ከተንጠለጠለ አልያዘም፣ እንደገና አግሉት። እዚያው ላይ 35 ቮልት 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አብሩ፤ ነጭ መስመር ያለበት እግሩ ኔጌቲቭ ነው፣ ቢገለበጥ ይፈነዳል። ይህች ርካሽ ካፓሲተር ሞተሩ በድንገት ሲቆም የሚመለሰውን የቮልት ዝላይ ስለምትውጥ ውዱን ቦርድ ትጠብቃለች። አንዳንድ ኪቶች ይህችኑ ለመቆጠብ ትተዋት ይሸጣሉ።

ተገጥሞ የተገዛም ይሁን በእጅ የተሠራ፣ ባትሪ የመጀመሪያ ጊዜ ሲሰካ ፕሮፔለር አይኖርም። በባትሪውና በድሮኑ መሃል አምፑል ያለበት መከላከያ አስገቡ፤ አምፑሉ በርቶ ከቀረ ኮንታክት አለ። የቪዲዮ አስተላላፊው አንቴና ሳይታሰር ኃይል አይሰጠውም፣ ይቃጠላል። የበረራ መቆጣጠሪያው ሶፍትዌር የሆነው ቤታፍላይት ላይ ድሮኑን በእጅ ወደ ፊት አዘንብሉት፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ምስልም ወደ ፊት ካላዘነበለ ቦርዱ ዞሯል፣ ሲነሳም ይገለበጣል። አራቱን ሞተሮች አንድ በአንድ አስነሱና ቁጥራቸውንና አቅጣጫቸውን አረጋግጡ። ከዚያ ሞተሩ እየዞረ ሪሞቱን አጥፉት፤ ወዲያው ካልቆመ ያ ድሮን ሜዳ አይወጣም። ሻጭ "ተፈትኗል" ቢላችሁም ይህንን ራሳችሁ ሥሩት።

ሜዳ ላይ ባትሪ ከመሰካታችሁ በፊት የቪዲዮ ቻናላችሁን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ሬስባንድ የሚባለው የውድድር ቪዲዮ ሞገድ 8 ቻናሎች አሉት፤ ሌላ ሰው በያዘው ቻናል ላይ ብትከፍቱ በማብረር ላይ ያለው ሰው መነጽሩ ይጨልምበታል። ለአብራሪዎቹ ሁሉ 25 ሚሊዋት የቪዲዮ አስተላላፊ ኃይል ይበቃል። መነጽር ያደረገ ሰው ዙሪያውን ስለማያይ አጠገቡ የሚያይለት ሰው ይቁም። ድሮኑ ሣር ውስጥ ተገልብጦ ከወደቀ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ በእግራችሁ ሂዱ፤ የታነቀን ሞተር ደጋግሞ ለማስነሳት መሞከር ሞስፌቱን ማቃጠል ነው። በአንድ ሴል 3.5 ቮልት ሲደርስ፣ ማለትም 6ኤስ ላይ 21 ቮልት፣ አሳርፉ። ለሳምንት የማትበሩ ከሆነ ባትሪውን በሴል 3.8 ቮልት ላይ አስቀምጡት፤ የሞላ ባትሪ ተቀምጦ ያብጣል፣ ያበጠ ባትሪ ደግሞ ቻርጀር ላይ አይመለስም።