መቀነት ውስጥ የሚገባ ስልክ

ጎንደር ያለችው እናቴ ስልክ የምትይዘው መቀነቷ ውስጥ ነው። ቦርሳ አታንጠለጥልም፤ ቀሚሷም ኪስ የለውም። ከቨርጂኒያ ሆኜ ስልክ ስገዛላት መጀመሪያ ማሰብ የነበረብኝ ይህን ነበር። እኔ ግን ለዓመታት ያሰብኩት ስለ ካሜራው ነው። ፊቷን እያየሁ ላውራት፣ የልጆቹን ፎቶ ልላክላት እያልኩ ሁለት ስማርት ስልክ ላክሁላት። ሁለቱም መቀነቷ ውስጥ ሆነው በገዛ ራሳቸው ይደውሉ ነበር። አንዴ ለነፍስ አባቷ፣ አንዴ ለወፍጮ ቤቱ። ስልኩ ሲጠራ ደግሞ እጇ ሊጥ ከነካው ስክሪኑ አይታዘዛትም። ለማንሳት ጣቷን መጎተት አለባት፤ ስትጎትት ይዘጋል። መልሳ መደወሉ ያስቸግራታል። እኔ ደግሞ እዚህ ማዶ ሆኜ "ምን ሆና ይሆን?" እያልኩ አድራለሁ።

ከእነዚህ በፊት የነበረቻትን ስልክ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ኖኪያ 1100፣ ያችው አናቷ ላይ ባትሪ የምታበራው። እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥታ በዓለም ላይ ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠች ቀፎ ናት። እናቴ ሌሊት ለኪዳን ስትወጣ መንገዱን የምታየው በእሷ ብርሃን ነበር። ያቺን ስልክ "አሮጌ ናት" ብዬ ያስጣልኳት እኔ ነኝ። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ስማርት ስልኩ ለእኛ ጥቅም አልነበረውም። የቀረን ተራ የድምፅ ጥሪ ብቻ ነው። ያኔ ወሰንኩ። ለእናቴ በደንብ የምትጠራ፣ በደንብ የምትሰማ፣ በቀላሉ የምትነሳና የምትዘጋ ስልክ ትበቃታለች። ታጣፊ ስልክ መፈለግ የጀመርኩት እንዲህ ነው። እናቴ "ባለ ክዳኗ" ትላታለች።

የመጀመሪያዋን ባለ ክዳን የገዛሁት አሜሪካ፣ ከአንድ የስልክ ኩባንያ ሱቅ ነው። ስሙ ይቆየን። ርካሽ ነበረች፤ ቁልፎቿም ትልልቅ ናቸው። ደስ ብሎኝ ይዣት ጎንደር ገባሁ። የእናቴን ሲም ከተትኩ። ስልኳ ሲሙን አልቀበልም አለች። አወጣሁ፣ አጸዳሁ፣ መልሼ ከተትኩ። እምቢ። እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነጠላዋን እያስተካከለች "ተይው ልጄ፣ የድሮዋ ትበቃኛለች" ትለኛለች። የድሮዋ ግን የለችም።

በማግስቱ ፒያሳ ወረድኩ። ጃንተከል ዋርካ አካባቢ ካሉት የሞባይል ጥገና ሱቆች አንዱ ጋ ገባሁ። በዚያ ጉዞ ከተጠቀምኳቸው አገልግሎቶች ሁሉ አንደኛ የምለው ይሄን ልጅ ነው። ስልኳን ከፈታት፣ ባትሪዋን አወጣ፣ ከባትሪው ሥር ያለውን ጽሑፍ በስልኩ መብራት አነበበ። ሌላ ሲም ሞከረ። ከዚያ ቀና ብሎ "እታለም፣ ይቺ ስልክ ለኩባንያው ተቆልፋለች። ብነካካት ገንዘብሽን ከመብላት በቀር የማደርግልሽ ነገር የለም" አለኝ። ምን ልክፈል ስለው "ምን ሠራሁና!" ብሎ እምቢ አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ሰው በዚህ ነገር ገንዘቡን እያጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከስልክ ኩባንያ በርካሽ የሚሸጥ ቀፎ አብዛኛውን ጊዜ ለዚያው ኩባንያ ሲም ብቻ የተቆለፈ ነው። ኩባንያዎቹ ዕዳው ተከፍሎ ካለቀና ስልኩ በእነሱ መስመር ላይ ለተወሰነ ጊዜ ካገለገለ በኋላ ይከፍቱታል። ይሄ የሚደረገው ግን እዚያው ሆነው ነው። ጎንደር ገብቶ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። ሁለተኛው ነገር ሞገዱ ነው። የኢትዮጵያ ኔትወርክ በዋናነት የሚሠራው በ900፣ በ1800 እና በ2100 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። አሜሪካ ደግሞ ለጥሪ ስትጠቀም የኖረችው 850 እና 1900ን ነው። በዚያ ላይ ትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ስሪጂ የሚባለውን የቆየ ኔትወርክ ዘግተዋል። ስለዚህ አሁን ለአሜሪካ ብቻ ተብሎ የተሠራ ርካሽ ታጣፊ፣ ቁልፉ ቢፈታ እንኳ የጎንደርን ኔትወርክ ላያገኝ ይችላል። ካርቶኑ ላይ 900 እና 1800 የሚለውን ሳታዩ አትግዙ።

ሁለተኛዋን ስገዛ ይህን ሁሉ አጣራሁ። ለማንኛውም ሲም ክፍት የሆነች፣ ሁለት ሲም የምትይዝ፣ ክዳኗ ላይ የደዋዩን ስም የምታሳይ ትንሽ መስኮት ያላት። ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ላክኋት። እኔ ለጥምቀት እስክደርስ እናቴ ሁለት ወር ተጠቀመችባት። የምላችሁ እንግዲህ የሁለት ወር ከሦስት ሳምንቱን ነው።

መጀመሪያ ደጉን ልናገር። ክዳኗን ስትከፍት ስልኩ ይነሳል። ስትዘጋ ይዘጋል። በቃ። እናቴ ቡና እየቆላች እንዴት እንደምታነሳት ቁጭ ብዬ አየሁ። በግራ እጇ ምጣዱን እያርገበገበች በቀኝ እጇ ስልኳን ከመቀነቷ መዘዘች። ክዳኑ ላይ ያለውን ስም ራቅ አድርጋ አየች። ከዚያ በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ጠቅ። "አቤት" አለች። ዓይኗ ከቡናው አልተነሳም። ሁለት ስማርት ስልክ አጠገቧ ያላየሁትን መዝናናት ያን ቀን አየሁ።

የቁጥር አቋራጭ ሠራሁላት። 2 ተጫና ስትይዝ ወንድሜ፣ 3 የእህቴ ልጅ፣ 4 የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ፣ 5 እኔ። የእኔን ቁጥር ከነ መደመር ምልክቱ ነው ያስቀመጥኩት፤ 0ን ተጭኖ በመያዝ ይመጣል። ባጃጅ ነጂው በዚህ ጉዞ እኔንም አገልግሎኛል። ሲጠራ ያነሳል፣ እመጣለሁ ባለበት ሰዓት ይመጣል፣ እናቴን ደግፎ ያወርዳል። ለሰፈር ባጃጅ ከዚህ በላይ ምን ይባላል።

ቻርጅ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። መብራት በሚሄድበት ሰፈር ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ችግሮቹ። ስልኳ የአደጋ ጊዜ ቁልፍ አላት። ሲጫኑት ለተመዘገቡት ሰዎች በየተራ ይደውላል። ስገዛት በጣም የወደድኩት ይሄን ነበር። አንድ ምሽት ቨርጂኒያ 3 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ፤ እናቴ ናት። ጎንደር ሌሊት 11 ሰዓት ነው። አነሳሁ፣ "እማዬ" አልኩ፣ መልስ የለም። የጨርቅ ኮሽታ ይሰማል፣ የእግር ኮቴ ይሰማል። ጮህኩ። ጉልበቴ ራደ። ከዚያ ከሩቅ ደወል ሰማሁ፣ ቀጥሎ የቄሱ ድምፅ። ለኪዳን አጣጣሚ ሚካኤል ገብታለች። መቀነቷን ጠበቅ ስታደርግ ቁልፉ ተጭኖ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሂሳቧ እስኪያልቅ ድረስ ኪዳኑን ሰማሁ። ጎንደር እንደገባሁ ያንን ቁልፍ ከማስተካከያው ገብቼ አጠፋሁት። ለብቻው ለሚኖር ሰው ግን ይጠቅማል፤ አንገት ላይ በማሰሪያ የሚያንጠለጥል ከሆነ።

ትልቁ ችግር ግን ፊደሉ ነው። ይቺ ስልክ አማርኛ አታነብም። በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ሲመጣ ባዶ ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ ተደርድሮ ይታያል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይህን ያህል ዓመት አልፎ ዛሬም ያለ ግዕዝ ፊደል ስልክ ይሸጣል። ተራ ቀፎ ላይ ደግሞ እንደ ስማርት ስልክ ፊደል አውርዶ መጨመር አይቻልም። ከፋብሪካ ይዞት ካልመጣ አለቀ።

"እናትሽ መልእክት መች ታነባለች?" ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። የባንኩ መልእክት በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ የእህቴ ልጅ ያነብላታል። የእድሩ መልእክት ግን በአማርኛ ነው። ኅዳር ላይ የእድራቸው ጸሐፊ የአንዲት ጓደኛዋን ዕረፍትና የቀብር ሰዓት ለአባላቱ በመልእክት ላከ። ከእናቴ ጋር ጽዋ የሚጠጡ፣ ለሠላሳ ዓመት ቡና የተጣጡ ሰው ናቸው። ልጁ መልእክቱን ከፈተና "እማማ፣ ምንም የለውም፣ የተበላሸ ነገር ነው" አላት። ቀብሩ ቀረባት። የሰማችው ማታ ነው። ለልቅሶ ስትገባ "ምነው ቀረሽ?" ያሏትን ስትነግረኝ ድምፅዋ ይሰበራል። ይህን ያህል ርቀት ያመጣሁት ስልክ ከጓደኛዋ ቀብር አስቀራት።

ጸሐፊውን ቤታቸው ድረስ ሄጄ አነጋገርኳቸው። ደግ ሰው ናቸው። "ለእሷ ከእንግዲህ እደውላለሁ" ብለው ደብተራቸው ላይ ከስሟ ጎን ምልክት አደረጉ። በነገራችን ላይ በአማርኛ ፊደል አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ሆሄ ነው፤ በላቲን ሲሆን 160። ስለዚህ የእድሩ ማስታወቂያ ረዘም ካለ እንደ ሁለትና ሦስት መልእክት ይቆጠራል። ጸሐፊው ሂሳቡ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅባቸው አሁን ገባቸው።

የቴሌ አገልግሎቱ ደህና ነበር። እናቴ የቆየ ትልቁ ሲም ነበራት፤ ቁጥሯ ሳይቀየር በትንሹ ተቀየረላት። ሂሳብ ማየት *804# ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ኢንተርኔት ለሌለው ስልክም *127# ብሎ ይሠራል። የላክሁላትን ብር ሰፈሯ ካለ ወኪል ወስዳለች። የሚስጥር ቁጥሯን ግን ሱቁ ውስጥ ጮክ ብላ ስትናገር ሰማሁና ደነገጥኩ። ለእናት ስልክ የምታስተምሩ ሁሉ መጀመሪያ ይህን አስተምሩ።

ጥር 11 ንጋት ላይ ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ሰዉ ጠጠር መጣያ የለውም። ጸበሉ ተባርኮ ወጣቱ ውሃው ውስጥ መዝለል ሲጀምር ከእናቴ ተጠፋፋን። የእኔ ስማርት ስልክ ዳታው አይንቀሳቀስም፤ የላክሁት መልእክት አልሄደም። በተራ ጥሪ ደወልኩ። አልገባም። ደገምኩ። በሦስተኛው ጠራ። ጠቅ። "አቤት ልጄ፣ ሥሩ ግንቡን ያቀፈው ዛፍ ጋ ነኝ" አለች። ጥምቀተ ባሕሩን ያየ ሰው ያንን ዛፍ ያውቀዋል፤ ሥሩ ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጦታል። ሄድኩ። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ስልኳን በመዳፏ ይዛ ቆማለች። እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን የለም።

ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ በባለ ክዳኗ አይስማሙም። እሳቸው የያዙት ቀጥ ያለች ባለ ቁልፍ ናት። "የሚታጠፍ ነገር መሰበሩ አይቀርም" ይላሉ። ጠጋኙም ይሄንኑ ነው የነገረኝ። ሁለቱን ግማሽ የሚያገናኘው ቀጭን ገመድ ማጠፊያው ውስጥ ያልፋል፤ ብዙ ከተከፈተና ከተዘጋ እሱ ነው የሚሄደው። አቧራም ይገባበታል። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን መቀነት ውስጥ ተዘግታ የምትቀመጠዋን እመርጣለሁ። እናቴም ከባለ ክዳኗ አትለይም። የጎደላት አንድ ነገር ባትሪ ነው፤ ይቺኛዋ መብራቷ ደካማ ስለሆነች ለኪዳን የእጅ ባትሪ ለብቻ ገዛሁላት።

ልመለስ ሦስት ቀን ሲቀረኝ አዘዞ ያለችው አክስቴ "ለእኔም እንደ እሷው ያለ" አለች። አክስቴ ዳዊት ደጋሚ ናት፣ መልእክትም ትጽፋለች። ስለዚህ ባለ ክዳኗን አልገዛሁላትም። የእህቴን ልጅ ይዤ ፒያሳ ወረድኩና አማርኛ አላት የተባለች ተራ ባለ ቁልፍ መረጥን። ሻጩ ካርቶኗን ሊያሽግ ሲል "ቆይ" አልኩት። ሲሜን አውጥቼ ከተትኩባት። የእህቴ ልጅ ከሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ መልእክት ላከ። ሦስታችንም አጎንብሰን ጠበቅን። ስልኳ ነዘረች። ከፈትኩት። "ሰላም አክስቴ" ይላል፣ አንድም አራት ማዕዘን የለውም። ያኔ ከፈልኩ።