ለጀሞ ኮንዶሚኒየም የብሎካችን ማህበር ኮሚቴ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን!

ጎረቤቶቼ ስለ ኮሚቴያችን ጻፊ ጻፊ ሲሉኝ ከርመዋል። እኔም ብሆን ሳላመሰግን ማለፍ ከብዶኛል። ደግሞ "ማህበር ብር ከመሰብሰብ ሌላ ምን ይሠራል?" የምትሉ የኮንዶሚኒየም ሰዎች ብዙ ስለሆናችሁ፣ እባካችሁ ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡት።

እዚህ ከመግባታችን በፊት ሌላ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነበር። ስሙን አልጠራም። ወር በገባ ቁጥር የጥበቃ፣ የጽዳት፣ የኮሪደር መብራት እየተባለ ይሰበሰባል። ደረሰኝ ግን የለም። ማህተሙ ከአንድ ሰው ኪስ አይወጣም። ክረምት ሲገባ የፍሳሽ ጉድጓዱ ሞልቶ መግቢያው ላይ ይገነፍላል። ልጆቻችንን አቅፈን ድንጋይ እየረገጥን ነበር የምንገባው። ሽታው እህል አያስበላም። ስንጠይቅ መልሱ ያው "በሂደት ላይ ነው" ነው። አንድ ቀን አምርሬ ስናገር፣ "አንቺ ተከራይ ነሽ፣ ምን አገባሽ?" ተባልኩ። መዋጮውን ሲቀበሉኝ ግን ተከራይ መሆኔን ማንም አላስታወሰም! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የጀሞው ቤት በእጣ የወጣው ለእናቴ ነው። እያከራየን የባንክ እዳውን ስንከፍልበት ቆይተን በኋላ ተጠቃለን ገባን። 4ኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ጉልበቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያልቃል። ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ ያን ደረጃ መውጣት ምን እንደሆነ የኮንዶሚኒየም ሰው ያውቀዋል።

አዲሱ ኮሚቴ ተመርጦ ሥራ ሲጀምር፣ መዋጮ ከመጠየቁ በፊት በካዝና ያለውን ቆጥሮ መግቢያው ላይ ለጠፈ። ገንዘብ ያዣችን በሰማያዊ እስክርቢቶ፣ በሚያምር የአስተማሪ ጽሕፈት፣ መስመር በመስመር ጻፈችው። አምፖል ይህን ያህል። የበር ቁልፍ ይህን ያህል። የፍሳሽ መጣጭ መኪና ይህን ያህል። ወረቀቱ በየወሩ ይቀየራል። ደረሰኙን ማየት ለፈለገ ፋይሉ ይከፈትለታል፤ የሚቆጣው የለም። ያን ወረቀት ካየን በኋላ፣ መዋጮ እምቢ ብሎ የከረመ ጎረቤታችን ሳይቀር ውዝፉን ከፈለ።

ከዚያ ታች ትልቅ ሮቶ ተተከለ፣ ፓምፕ ተገዛ፣ ጣሪያው ላይም ሌላ ሮቶ ወጣ። ቧንቧውን ከየት ወስደው የት እንዳገናኙት አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። የማውቀው ቧንቧ ስከፍት ውሃ መውረዱን ነው። እናቴ የመጀመሪያ ቀን እልል አለች።

ከሁሉም በላይ የማልረሳውን ልንገራችሁ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። አንድ ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ነጠላዋን በአንድ እጇ ሰብስባ በሌላው ግድግዳውን እየዳበሰች ስትወርድ ሊቀመንበራችን አገኟት። የደረጃው መደገፊያ ብረት ተነቃንቆ ስለነበር አታምነውም። ጋሼ እጇን ይዘው እስከ ታች አወረዷት። ለእኔ ምንም አላሉኝም። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቅዳሜ በያጅ ይዘው መጡ። የተነቃነቀውን አስጠገኑ፣ በግድግዳው በኩልም አዲስ መያዣ አሠሩ። ሰውዬው ሊበይድ ሲል አስቆሙትና እናቴን አስጠሩ። "እትዬ፣ እስቲ እጅዎን እዚህ ያሳርፉ። ይመችዎታል? ዝቅ ይበል?" ቁመቱ የተለካው በእናቴ እጅ ነው። ዛሬ ያን ብረት ነፍሰ ጡሯም፣ ሕጻኑም፣ አስቤዛ የተሸከመውም ይይዘዋል። እኔ ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ለፋሲካም እንዲሁ ናቸው። ድሮ ቅርጫው ሲያልቅ ፈርሱና ደሙ ባለቤት አልነበረውም፤ ለሳምንት ዝንብ ነበር። አሁን እርዱ በጋራ መጠቀሚያው ቤት በኩል ብቻ ነው። አጣቢው አስቀድሞ ይነገረዋል፣ ክፍያውም ከቅርጫው ጋር ይሰበሰባል። በማግስቱ ልጆች እዚያው ኳስ ይጫወታሉ።

ጋሼ በስብሰባ ላይ አዋጅ ቁጥር 370/1995ን ይዘው መጥተው አንብበውልናል። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ የውጭ ግድግዳው የሁላችን የጋራ ንብረት ነው፤ ማስጠገኛውም ከሁላችን ነው። ብዙዎቻችን "የመንግሥት ሥራ ነው" እያልን ነበር የምንጠብቀው። በእኛ ስብሰባ ድምጽ የሚሰጠው ባለቤቱ ቢሆንም ተከራዩም እጁን አውጥቶ ይናገራል፣ ይደመጣል። ይህንን ስሰማ ያ "ምን አገባሽ" ትዝ ብሎኝ እንባዬ መጣ።

ጎበዝ፣ ስብሰባ ሲጠራ ውጡ። መዋጮ ክፈሉ፣ ደረሰኝም ጠይቁ። ማህበራችሁ የተኛባችሁ፣ አዲስ ኮሚቴ ልትመርጡ ያሰባችሁ፣ ኑና የእኛዎቹን አናግሯቸው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በጋራ መጠቀሚያው ቤት ቁጭ ብለው ታገኟቸዋላችሁ። የሒሳቡን አያያዝ ያሳዩዋችኋል፣ ፓምፑን የተከለውን ባለሙያም ያገናኟችኋል። ንፉግ አይደሉም።

ጋሼ፣ ገንዘብ ያዣችን፣ ሌሊት ተነስቶ ፓምፑን የሚያስነሳው ጥበቃችን፣ ሁላችሁም ክፉ አይንካችሁ። እናቴ "ልጆቻቸው ይባረኩ፣ ጉልበታቸው ይጽና በዪልኝ" ብላለች፤ አድርሻለሁ።