ለኬሎይድ ሲሊኮን ወይስ መርፌ?

ጆሮዬን በተበሳሁ በዓመቱ ቀዳዳው ላይ ባቄላ የሚያክል እብጠት ወጣ። ኬሎይድ ይባላል፣ ከቁስሉ ቦታ አልፎ የሚያድግ ጠባሳ ማለት ነው፤ እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ሲሊኮኑንም መርፌውንም ሞክሬያለሁ።

ሲሊኮን፣ ጄሉም ፕላስተሩም፣ አያምም፤ ቤት ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁ ታደርጉታላችሁ። ግን ትዕግስት ይፈልጋል። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከዳነ በኋላ ብቻ ነው የሚጀመረው፣ ፕላስተሩ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት መቆየት አለበት፣ ለውጥ ለማየትም 2 ወይም 3 ወር መጠበቅ ነው። ለአዲስ ጠባሳ፣ በቀዶ ሕክምና ለመጣ ወይም የፈላ ዘይት ለጣለው፣ እኔ እሱን ነው የምመርጠው። ለቆየና ለጠነከረ ኬሎይድ ግን ብቻውን ብዙም አይገፋም።

መርፌው ሌላ ነው። የቆዳ ሐኪም ትራያምሲኖሎን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት እብጠቱ ውስጥ ይወጋል፣ አብዛኛውን ጊዜ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ። ያማል፤ አልዋሽም። እብጠቱን ግን ያሳንሰዋል፣ ማሳከኩንም ያስታግሳል። ችግሩ ቆዳውን ሊያሳሳውና ዙሪያውን ሊያነጣው መቻሉ ነው፣ ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ያ ቶሎ ያስታውቃል። "ቆርጦ መጣል ነው እንጂ" የሚሏችሁን ዝም ብላችሁ አትስሙ፤ ያለ ተጨማሪ ሕክምና የተቆረጠ ኬሎይድ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፣ አንዳንዴም ብሶበት።

የኔ ጠፍጣፋ ሆነ እንጂ አልጠፋም። ሹሩባ ስሠራ ያው ይታያል። ድሮ ለመሸፈን ፀጉሬን እለቅ ነበር፤ አሁን "ምን ሆነሽ ነው?" ሲሉኝ "የጉትቻ ጣጣ" ብዬ ወሬ እቀይራለሁ።