ሁሉም የሚወዳቸው የድሮ ጌሞች አልተመቹኝም፦ ጌም ስቲክ ከወራት በኋላ

የድሮ ጌሞችን ቲቪ ላይ የሚያጫውተውን ጌም ስቲክ የገዛሁት ደሴ ፒያሳ ካለ ሱቅ ነው። ከቲቪው ጀርባ በኤችዲኤምአይ ይሰካል፣ ኃይል በዩኤስቢ ይወስዳል፣ ሁለት ገመድ አልባ ጆይስቲኮች አሉት። ካርቶኑ ላይ ከ10,000 በላይ ጌሞች እንዳሉት ተጽፏል። የደሴ ብርድ ከቤት በማያስወጣባቸው ማታዎች ለወራት ተጫውቼበታለሁ።

ስለ ዕቃው ብዙ የምለው የለኝም። በቁጥሩ አትታለሉ፤ አንዱ ጌም በተለያየ ስም ተደጋግሞ ታገኙታላችሁ። ጆይስቲኮቹ የባትሪ ድንጋይ ይጨርሳሉ። ቁልፍ ስትነኩ ስክሪኑ ላይ ትንሽ ከዘገየ ቲቪያችሁን ከሴቲንጉ ውስጥ ጌም ሞድ ላይ አድርጉት፣ በጣም ይሻሻላል። ለዋጋው ጥሩ ዕቃ ነው።

ያልተመቹኝ ጌሞቹ ናቸው። ያውም ሁሉም ሰው የሚያመልካቸው።

ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ጌም ነው። 8 ዓለሞች አሉት፣ እያንዳንዱ 4 ደረጃ፣ በድምሩ 32። ስትጀምሩ 3 ነፍስ ይሰጣችኋል። ስክሪኑ አንዴ ካለፈ ወደ ግራ መመለስ አይቻልም። ሴቭ ማድረግ የሚባል ነገር የለም። ሰባተኛው ዓለም መጨረሻ ላይ ያለው ግንብ ውስጥ ደግሞ መንገድ ከሳታችሁ ያው ቦታ ተመልሶ ይመጣል። ትክክለኛው የቱ እንደሆነ የሚጠቁም ምልክት የለም። እየሞከሩ፣ እየሞቱ ማወቅ ነው። ይሄን ብዙዎች ፈተና ይሉታል። ለእኔ ግን ጊዜ ማባከን ነው።

ምክንያቱ ይገባኛል። ጌሙ በሙሉ 40 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ ስልካችሁ ላይ ያለ አንድ ፎቶ ከሱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚያች ቦታ ይህን ሁሉ ማስገባታቸው በእውነት ያስደንቃል፣ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ግን ይዘቱ ትንሽ ሲሆን ጌሙን የሚያስረዝመው ከመጀመሪያው ማስጀመር ነው። ኮንትራ እና ጎስትስ ኤንድ ጎብሊንስ ደግሞ መጀመሪያ የተሠሩት ሳንቲም እየጎረሱ ለሚያጫውቱ የአርኬድ ማሽኖች ነው። ተጫዋቹ ቶሎ ካልሞተ ሌላ ሳንቲም አይገባም። ጎስትስ ኤንድ ጎብሊንስን እንደምንም ጨርሳችሁ መጨረሻው ላይ ስትደርሱ፣ ያያችሁት ሁሉ የሰይጣን ወጥመድ ነበር ተብላችሁ ጌሙን በሙሉ እንደገና እንድትጫወቱ ትደረጋላችሁ። ይሄን የሚወድ ሰው አለ። ብዙ ሰው አለ።

በጣም ያናደደኝ ግን ካስልቬኒያ ነው። አንዴ ከዘለላችሁ አየር ላይ አቅጣጫ መቀየር አይቻልም። ጠላት ሲነካችሁ ወደ ኋላ ትወረወራላችሁ፣ ከኋላችሁ ገደል ካለ አለቀ። ሙዚቃው ያምራል፣ ሥዕሉም ያምራል። ለዚያ ስል ደጋግሜ ተመለስኩበት፤ አንድም ማታ ደስ ብሎኝ አልዘጋሁትም።

ኮምቦልቻ ያደገ ጓደኛዬ «አብሽር፣ እጅህ ሲለምድ ትወደዋለህ» አለኝ። እጄ ለመደ። ኮንትራን 30 ነፍስ በሚሰጠው ታዋቂ ኮድ ጨረስኩት። ፍቅሩ ግን አልመጣም። ጓደኛዬ እነዚህን ጌሞች የተጫወተው በካሴት በሚሠራው የቲቪ ጌም፣ ከወንድሙ ጋር እየተሻማ ነው። አሁንም ሲጫወት ፊቱ ይበራል። ያንን ደስታ አከብራለሁ። ግን ልጅነቱን ከጌሙ ላይ ብናነሳው የሚቀረው ጌም እንደሚባለው ታላቅ ነው ብዬ አላምንም። እኔ ያገኘሁት የቀረውን ብቻ ነው። በዚያ ላይ መብራት ከሄደ የለፋችሁበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። የስቲኩ ሜኑ ያቆሙበትን ለማስቀመጥ ይፈቅዳል፣ ተመስገን። ያለ እሱ እዚህ ድረስም አልዘልቅም ነበር።

ሁሉንም የድሮ ጌም ጠላሁ ማለቴ አይደለም። ቴትሪስን አሌክሴ ፓጂትኖቭ ሞስኮ ውስጥ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ከሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ይቀድማል። ግን ዛሬ የተሠራ ይመስላል። በሴኮንዶች ውስጥ ይጀመራል። ከተሸነፋችሁ የተሸነፋችሁት ከላይ የሚወርዱትን ብሎኮች ራሳችሁ በደረደራችሁት ነው፤ የተደበቀ ወጥመድ የለም። እናቴ ሳትቀር ቡናው እስኪፈላ ትጫወተዋለች፣ ጆይስቲኩንም በቀላሉ አትሰጥም። የድብድቡ ጌም ስትሪት ፋይተር 2ም እንዲሁ ነው። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ስንጫወት ቤቱ ይናወጣል። አንድ ዙር ተሸንፎ «ድገመኝ» ይላል፣ እንደግማለን። እዚያ መድገም አይሰለችም፣ ምክንያቱም ፊት ለፊቴ ያለው ሰው ነው።

ቤታችሁ ሁለት ሆኖ የሚጫወት ሰው ካለ ስቲኩን ግዙት። ብቻችሁን ሆናችሁ፣ ዝነኞቹን ጌሞች አንድ በአንድ ልጨርስ ብላችሁ ከሆነ ግን መጀመሪያ ያለው ሰው ቤት ሄዳችሁ ካስልቬኒያን አንድ ማታ ሞክሩት። ከገዛችሁ ደግሞ ሚሞሪ ካርዱን ወዲያው ኮምፒውተር ላይ ኮፒ አድርጉት። ጌሞቹ በሙሉ ያሉት እሱ ላይ ነው፤ ካርዱ ከተበላሸ ስቲኩ ባዶ ነው።