እናቴን ራጅ ላነሳቻት ልጅ አምስት ኮከብ፣ ለማዕከሉ ግን…

እናቴ ሳል ይዟት ሁለት ሳምንት ስላለፋት ሐኪሟ የደረት ራጅ አዘዘላትና ሃያ ሁለት አካባቢ ያለ አንድ የግል ምርመራ ማዕከል ወሰድኳት። ቅሬታዬን ላስቀድም። 3 ሰዓት ተቀጥረን የገባነው 5 ሰዓት ተኩል ነው። ካርድ ክፍል ያሉት ደግሞ ቀና ብለው እንኳን አያዩም። ለዚህ አንድ ኮከብም ይበዛባቸዋል።

ራጅ የምታነሳዋ ልጅ ግን ሌላ ናት። ሳሉን ገና በር ላይ እንደሰማች ለእናቴ ማስክ ሰጥታ የተከፈተ መስኮት አጠገብ አስቀመጠቻት። «አክታ ተመርምረዋል እማማ?» አለቻት። አልተመረመረችም። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው የቲቢ ነገር መጣራት እንዳለበት፣ ውጤቱን ስንወስድ ሐኪሙን እንድንጠይቀው ነገረችን። ቤት ውስጥ በእንጨት ነው በከሰል የምታበስሉት ብላም ጠየቀች፤ ማን ይጠይቃል ይሄን?

ከዚያ ማተቡ። እናቴ የብር መስቀል ያለው ማተብ ታስራለች፤ ድሮ ሌላ ቦታ «ይበጠስ» ሲሏት ሳትነሳ ነው የተመለሰችው። ይቺ ልጅ «ምን በወጣው፣ ብረቱ ፎቶው ላይ እንዳይታይ ነው እንጂ፣ መስቀሉን በከንፈርዎ ይያዙት» አለቻት። እናቴ መስቀሏን እንደተሳለመች ተነሳች በሉት። ትንፋሽ ስቦ መያዙንም አስቀድማ ሁለቴ አለማመደቻትና በአንድ ጊዜ አለቀ። እኔን አንዴ የሆነ ቦታ ትንፋሽህን ያዝ የሚለኝ ጠፍቶ ሦስት ጊዜ አንስተውኛል፣ ያ ሁሉ ጨረር በነፃ።

እኔም አጉል አዋቂ ሆኜ «ለምን ሲቲ ስካን አናስነሳትም?» አልኳት። ገንዘቤን መቀበል ይቀላት ነበር። እሷ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሆንም አለች። የአንድ ደረት ራጅ ጨረር ከአካባቢያችን በ10 ቀን ገደማ ከምናገኘው ጋር ይቀራረባል፣ የተለመደው የደረት ሲቲ ግን የዚያን 50 እና 60 እጥፍ ይሆናል ብላ አስረዳችኝ። አፍሬ ዝም አልኩ።

«ምን አየሽ ልጄ?» ስትላት ደግሞ አልገመተችም። «እኔ አነሳለሁ፣ የሚያነበው ራዲዮሎጂስቱ ነው እማማ» አለቻት። እናቴ ትንሽ ቅር ብሏታል።

የምትሄዱ ካላችሁ 2 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ፣ የድሮ ራጅ ካላችሁም ይዛችሁ ሂዱ፣ ለማነጻጸር ይጠይቃሉ። መኪና ማቆሚያ የለም።